ከየት እንነሣ? የአንጎልን ቅርጽ በሦስት አውታር የመለካት ታሪክና የሐዳር ቅሪተ አካላት ክርክር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን ከቅርባችን ልጀምር። ከባሕር ዳር በስተምዕራብ ያለችውን እንፍራንዝን በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም፤ ከተማችን ከምንጮቿ ውሃ ስትጠጣ የኖረች ናትና። በጣና ዳር የሚኖር ገበሬ ደግሞ «ባሕር ሸሽ» የሚለው መሬት አለ። በክረምት ውሃ ይውጠዋል፤ በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ይገለጥና ይታረሳል። እንዲህ ያለውን መሬት የሚለካ ሰው ገመድ ከመጣሉ በፊት «ከየት ልነሣ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ውሃ የማይደርስበት አንድ ዋርካ ወይም የቆመ ድንጋይ ከሌለ፣ ገመዱ የቱን ያህል ቢወጠር ሁለት ለኪዎች ሁለት ድንበር ያወጣሉ። ሁለቱም በጥንቃቄ ለክተው ሊሆን ይችላል፤ የተለያዩት በመነሻው ነው።

ዛሬ የምናገርለት ታሪክም እንዲሁ የመነሻ ነጥብ ታሪክ ነው። የሚለካው ግን መሬት ሳይሆን አንጎል ነው። በሐዳር የተገኘ አንድ የራስ ቅል ስባሪ በሁለት ታላላቅ ተመራማሪዎች መካከል ለዓመታት የዘለቀ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ስለ አንዲት ቦይ ነበር። ቦይዋን ለማግኘት የተሠሩት መሣሪያዎች ታሪክ፣ ሳይንስ እንዴት እንደሚሳሳትና እንዴት እንደሚታረም ስለሚያሳይ፣ የታሪክም ሆነ የሕክምና ተማሪ ሊያውቀው ይገባል እላለሁ።

አንድ ነጥብ፣ ሦስት ቁጥር

በመጀመሪያ መሣሪያውን እናስተዋውቅ። ዲጂታይዘር የሚባለው መሣሪያ በአካል ላይ ያለን አንድ ነጥብ ወደ ሦስት ቁጥሮች ይለውጣል፤ አንዱ ለርዝመት፣ አንዱ ለወርድ፣ አንዱ ለከፍታ። በአንጎል ምርምር ብዙ ያገለገለው ዓይነት በመግነጢስ የሚሠራው ነው። እርስ በርሳቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን የተጠመጠሙ ሦስት የሽቦ ጥቅሎች ያሉት አንድ ትንሽ ሳጥን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ተመራማሪው የሚይዘው ብዕር መሰል ዘንግም ይህን መስክ የሚቀበሉ ጥቅሎች አሉት። የብዕሩ ጫፍ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ኮምፒውተሩ ከመስኩ ጥንካሬ ያሰላል። ይህን ስልት ካሳደጉት መካከል በአሜሪካ የቨርሞንቱ ፖልሂመስ ኩባንያ ይጠቀሳል፤ ቴክኖሎጂው አስቀድሞ የተፈለገውም የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ የራስ ቁሩን ወዴት እንዳዞረ ለማወቅ ነበር።

ይህ መሣሪያ አንጎልን ለሚያጠና ሰው ለምን አስፈለገው? ሐንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ቀዳ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። ዛሬ ኢ.ኢ.ጂ. የምንለው ይህ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሮዱ ራስ ላይ የት እንደተለጠፈ ካልታወቀ፣ የአንዱ ሐኪም መዝገብ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። በ1958 ኸርበርት ጃስፐር ያቀረበው «የ10-20 ሥርዓት» ለዚህ መልስ ሰጠ። አፍንጫ ከግንባር የሚጋጠምበት ጎድጓዳ፣ ከማጅራት በላይ ያለው የአጥንት ጉብታና ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ያሉት ነጥቦች መነሻ ሆኑ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሜትር ይለካና በየ10 እና በየ20 በመቶው ኤሌክትሮድ ይለጠፋል።

ሜትር ግን ርቀትን እንጂ ቅርጽን አይነግርም። ምልክቱ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደፈለቀ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ኤሌክትሮዶቹን በኤም.አር.አይ. በተነሣው የዚያው ሰው ምስል ላይ በትክክል ማስቀመጥ አለበት። ስለዚህ በብዕሩ መጀመሪያ የአፍንጫውን ሥርና የሁለቱን ጆሮ ነጥቦች፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ኤሌክትሮድ፣ በመጨረሻም በራስ ቆዳው ላይ የተበተኑ ብዙ ነጥቦችን ይነካል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ነጥቦች ከምስሉ ጋር ያዛምዳል። የአፍንጫው ነጥብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት ስሕተቱ እዚያው አይቀርም፤ ራሱን በሙሉ ያዞረዋል። የሚጥል በሽታ መነሻውን ፈልጎ ለቀዶ ሕክምና ለሚዘጋጅ ሐኪም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ዳስሰው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች ውስጥ ወደ 5 የሚጠጉት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ኢ.ኢ.ጂ. በገጠር ኢትዮጵያ ለምርምር የዋለውም በዚያው ሥራ ውስጥ ነው።

አንጎል የሌለበት የአንጎል ጥናት

ከሕያው ራስ ወደ ሙት ራስ ቅል እንሻገር። አንጎል ይፈርሳል፤ ቅሪተ አካል አይሆንም። ነገር ግን በሕይወት ሳለ በራስ ቅሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አሻራውን ይተዋል። የደም ሥሮቹ መንገድ፣ የእጥፋቶቹ ጉብታና በመካከላቸው ያሉት ቦዮች በስሱ ታትመው ይቀራሉ። ይህን ባዶ ስፍራ የሞላ ነገር፣ የተፈጥሮ አሸዋም ይሁን ሰው ያፈሰሰው ላስቲክ፣ ኢንዶካስት ይባላል፤ የአንጎል ውጫዊ ቅጂ ማለት ነው።

ልኬት ከጥንት ጀምሮ ንጹሕ ሆኖ እንዳልኖረ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ19ኛው መቶ ዘመን የፊላደልፊያው ሳሙኤል ሞርተን ራስ ቅሎችን በመጀመሪያ በጥቃቅን ፍሬ፣ በኋላም በእርሳስ ጥይት እየሞላ ይሰፍር ነበር፤ በሰፈረውም ቁጥር የሰው ዘሮችን በደረጃ ደረደረ። ስፍሩ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የደረጃው ሐሳብ ግን ከስፍሩ በፊት በልቡ ነበር፤ መነሻው እዚያ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቦይዋ እንመለስ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ የእኛው ዓባይ በሚያልፍባት በካይሮ የአናቶሚ መምህር የነበረው ግራፍተን ኤሊየት ስሚዝ በአንጎል የኋላ ክፍል ላይ ላለች አንዲት ግማሽ ጨረቃ መሰል ቦይ ሉኔት ሰልከስ የሚል ስም ሰጣት። እኛ ጨረቃማዋ ቦይ እንበላት። በቺምፓንዚ አንጎል ላይ ይህች ቦይ ማየትን የሚያስተናግደው ክፍል የፊት ድንበር ናት፤ በግልጽም ትታያለች። በሰው አንጎል ላይ ወይ ወደ ኋላ ተገፍታ ትገኛለች፣ ወይ ጨርሶ አትለይም። ምክንያቱ ከፊቷ ያሉት፣ ከልዩ ልዩ የስሜት ሕዋሳት የመጣውን መረጃ የሚያዋሕዱት ክፍሎች ስለሰፉ ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ በአንድ ጥንታዊ ራስ ቅል ውስጥ ቦይዋ ወደ ፊት ናት ወይስ ወደ ኋላ ብሎ መጠየቅ፣ ያ ፍጡር በአንጎሉ አደረጃጀት ወደ ሰው መንገድ ጀምሮ ነበር ወይስ አልጀመረም ብሎ መጠየቅ ነው። የኤሊየት ስሚዝ ረዳት የነበረው ሬይመንድ ዳርት በ1925 የደቡብ አፍሪካውን የታውንግ ሕፃን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ ይህችው ቦይ ወደ ኋላ መገኘቷ ነበር።

የሐዳሩ ስባሪ

በ1970ዎቹ በአፋር፣ በሐዳር የተካሄደው ፍለጋ በ1974 የተገኘችውን ሉሲን፣ እኛ ድንቅነሽ የምንላትን፣ ለዓለም አስተዋወቀ። የድንቅነሽ ራስ ቅል ግን እጅግ የተሰባበረ ስለሆነ ስለ አንጎሏ የሚናገረው ጥቂት ነው። የአንጎል ተመራማሪዎችን ዓይን የሳበው ከዚያው ስፍራ የተገኘ፣ የዚያው የአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ዝርያ የሆነ፣ ኤ.ኤል. 162-28 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሌላ ስባሪ ነበር። የላይኛውና የኋላኛው የራስ ቅል ክፍል ብቻ ነው። ፊት የለውም፤ ሥረ መሠረቱም የለም።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራልፍ ሆሎዌይ በዘመኑ የኢንዶካስት ጥናት ዋና ሰው ነበር። ስቴሪዮፕሎተር በሚባል መሣሪያም ይሠራ ነበር። ኢንዶካስቱ በመሣሪያው ላይ ይታሰራል፤ ከአንድ ማዕከል ተነሥቶ እስከ ገጹ ያለው ርቀት በተወሰነ ማዕዘን እየዞረ ነጥብ በነጥብ ይለካል። በ1981 ያሳተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተሰበሰቡ ልኬቶች የልዩ ልዩ ዝርያዎችን አንጎል ሊለዩ እንደሚችሉ አሳየ። ዛሬ በሰከንድ የሚሠራውን ያኔ በእጅ፣ በትዕግሥት ይሠሩት ነበር። ዲጂታይዘር ስሙ ሳይለመድ ሥራው ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ሆሎዌይ በ1983 በኔቸር መጽሔት ላይ የሐዳሩ ስባሪ አንጎል ወደ ሰው ያዘነበለ አደረጃጀት አለው አለ። አንጎሉ ገና ሳያድግ አደረጃጀቱ ተለውጧል ማለቱ ነው። ዲን ፎልክ በ1985 በዚያው መጽሔት ተቃወመችው፤ ቦይዋ በቺምፓንዚ ላይ በምትገኝበት ስፍራ ናት፤ አንጎል በመጀመሪያ አደገ፣ አደረጃጀቱ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው አለች። በ1986 ሆሎዌይ ከዊልያም ኪምበል ጋር ሆኖ መለሰ። ክርክሩም በየመጽሔቱ ቀጠለ።

ሁለቱም ወገኖች ያዩት አንድ ስባሪ ነው። ልዩነቱ አንዱ ገጹ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምንድን ናት የሚለው ነበር። ሌላው ግን ስባሪው እንዴት ይቁም የሚለው ነው። ራስ ቅል ሙሉ ሲሆን በዓይንና በጆሮ ቀዳዳዎች መስመር ይስተካከላል። ፊትና ሥረ መሠረት የሌለውን ስባሪ ግን ጥቂት ወደ ፊት ብታጋድለው ቦይዋ ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ጥቂት ወደ ኋላ ብታጋድለው ወደ ኋላ ትመለሳለች። በሕያው ሰው ራስ ላይ ብዕሩ አስቀድሞ የሚነካው የአፍንጫ ሥር በዚህ ስባሪ ላይ የለም። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ዋርካው ጠፍቷል። ስለዚህ ስቴሪዮፕሎተሩ የቱን ያህል ቢረቅቅ ክርክሩን ሊዘጋው አይችልም ነበር።

በድንጋይ ውስጥ ማየት

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን በጥቅምት 1971 በለንደን የመጀመሪያዋን በሽተኛ አንጎል አነሣ። ሃውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1984 ግለን ኮንሮይና ማይክል ቫኒየር ይኸው መሣሪያ ድንጋይ የሞላው ቅሪተ ራስ ቅል ሳይሰበር ውስጡን በሦስት አውታር ሊያሳይ እንደሚችል አስመሰከሩ። ዲጂታይዘሩ ብዕር የሚነካው የሚታየውን ገጽ ብቻ ነው፤ ኤክስ ሬይ ግን የተሸፈነውንም ይደርስበታል።

ይህ ስልት በአገራችን ቅሪተ አካላት ላይ ቶሎ ፍሬ አፈራ። በ1976 አቶ ዓለማየሁ አስፋው በመካከለኛው አዋሽ፣ በቦዶ ያገኙት ራስ ቅል ዕድሜው ወደ 600,000 ዓመት ይገመታል። በ2000 ኮንሮይና ባልደረቦቹ የአንጎሉን መጠን በሲቲ ለክተው ወደ 1,250 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መሆኑን አሳተሙ። ከጥናቱ ደራስያን አንዱ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊ የነበሩት አቶ ጃራ ኃይለ ማርያም ናቸው። የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ የአርዲ ራስ ቅል ደግሞ ተጨፍልቆና ተሰባብሮ ስለተገኘ በእጅ ሊገጠም አልቻለም። ጌን ሱዋ ስባሪዎቹን በቶኪዮ በማይክሮ ሲቲ አንሥቶ በኮምፒውተር ላይ ገጠማቸው። በ2009 የታተመው ውጤት አንጎሏ ከ300 እስከ 350 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደነበር ገመተ።

የሰላም ምስክርነት

የቦይዋን ጉዳይ ወደ መቋጫው ያቀረበችው ግን ሕፃን ናት። በታኅሣሥ 2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በዲኪካ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች የአፋረንሲስ ሕፃን አገኘ። ሰላም ተባለች። ዘረሰናይ ጠንካራውን አሸዋማ ድንጋይ ከአጥንቶቹ ላይ ቅንጣት በቅንጣት ሲያስለቅቅ ዓመታት ፈጀ፤ ግኝቱ የታተመው በ2006 ነበር። የሰላም ራስ ቅል ፊቱም፣ ሥረ መሠረቱም፣ በውስጡ የሞላው የአንጎል ቅጂም አብረው የተገኙበት ነው። ማለትም ዋርካው አልጠፋም።

ራስ ቅሉ በፈረንሳይ፣ ግረኖብል በሚገኘው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ተነሣ። ሲንክሮትሮን ከሆስፒታል ኤክስ ሬይ እጅግ የበለጠ ብርቱና የጠራ ጨረር የሚያመነጭ ግዙፍ ተቋም ነው፤ በጥርስ ውስጥ በየዕለቱ የተጨመረውን የዕድገት መስመር ሳይቀር ያሳያል። መስመሮቹ ተቆጠሩ፤ ሰላም የሞተችው በተወለደች በ861ኛው ቀን ገደማ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፏት መሆኑ ታወቀ። የአንጎሏ መጠን ወደ 275 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

በፊሊፕ ጉንዝ መሪነት የስምንት አፋረንሲስ ራስ ቅሎችን ስካን ያጠናው ሥራ በሚያዝያ 2020 ታተመ። ጨረቃማዋ ቦይ በሰላም አንጎል ቅጂ ላይ ተገኘች፤ የተገኘችውም በቺምፓንዚ ላይ በምትገኝበት ስፍራ ነው። የአፋረንሲስ አንጎል አደረጃጀት ወደ ሰው ያዘነበለ ምልክት አላሳየም። ነገር ግን ጥናቱ ሌላ ያልተጠበቀ ነገር አስከተለ። የሕፃናቱ አንጎል መጠን ከአዋቂዎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ የአፋረንሲስ አንጎል ከቺምፓንዚ ይልቅ ዘግይቶ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያድግ ነበር። ረጅም ልጅነት፣ ከእናት ጉያ ሳይወጡ የመማር ዘመን፣ አንጎል ከመደራጀቱም በጣም ከመግዘፉም በፊት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ስለ ስፍራ የተነሣው ጥያቄ የጊዜን ጥያቄ ወለደ።

የዚያን ጽሑፍ የደራስያን ዝርዝር እንድታነቡት እመክራለሁ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አለ። ዲን ፎልክ አለች። በ1986 ከሆሎዌይ ጎን ሆኖ የመለሰላት ዊልያም ኪምበልም አለ። በ1980ዎቹ በተቃራኒ ወገን የቆሙ ሁለት ሰዎች ከ34 ዓመት በኋላ አንድ ጽሑፍ ላይ አብረው ፈረሙ። ይህን ያደረገው ማሽኑ ብቻ ነው ብል እሳሳታለሁ። ሙሉ ራስ ቅል ባይገኝ ኖሮ የግረኖብሉ ጨረርም እንደ ስቴሪዮፕሎተሩ በጣም የረቀቀ፣ ግን መነሻ የሌለው ቁጥር ይሰጠን ነበር። ሙሉውን ራስ ቅል የሰጠን ደግሞ በዲኪካ ፀሐይ ሥር በእግር የተደረገ ፍለጋና በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ዓይነት መሣሪያ የተሠራ የዓመታት ጽዳት ነው።

ቁጥሩ የማን ነው?

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አርዲ በቶኪዮ፣ ሰላም በግረኖብል ተነሡ። ድንቅነሽም በአሜሪካ ለዕይታ በቆየችበት ጊዜ፣ በ2008፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን በሲቲ ተነሥታለች። አጥንቶቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ በብሔራዊ ሙዚየም ጥበቃ ሥር ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ቁጥር ግን ሻንጣ አያስፈልገውም። አንድ ራስ ቅል አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ብዙው ምርምር የሚሠራው በአጥንቱ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ነው።

እዚህ ላይ በቁጭት ብቻ መናገር አልፈልግም። ትብብሩ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። በ2016 የድንቅነሽ የትከሻና የጉልበት አጥንቶች ባለ ሦስት አውታር ቅጂዎች በኢትዮጵያ ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀዋል፤ ማንኛውም መምህር አውርዶ ሊያስተምርባቸው ይችላል። የእኔ ሥጋት የቅጂው ባለቤት ማን ነው ከሚለው አንድ እርምጃ ያልፋል። ቅጂው በእጃችን ቢገባስ፣ መነሻ ነጥቡን የሚመርጥ ሰው አለን ወይ? የሐዳሩ ክርክር ያስተማረን ውሳኔው ያለው እዚያ ላይ መሆኑን ነው። ራስ ቅሉ በምን መስመር ይቁም፣ የትኛው ነጥብ ይነካ፣ ከየትኛው ፍጡር ጋር ይነጻጸር የሚለውን የሚወስን ሰው፣ የውጤቱን ግማሽ አስቀድሞ ወስኗል። ሞርተንን ማስታወስ ይበቃል።

ይህን ሙያ ለመልመድ ሲንክሮትሮን እስኪሠራልን መጠበቅ አያስፈልግም። በክንድ የሚንቀሳቀስ ሜካኒካዊ ዲጂታይዘር ከሲንክሮትሮን ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሱም ከጠፋ በስልክ ካሜራ ዙሪያውን ከተነሡ ፎቶግራፎች ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ የሚያወጡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ተማሪዎቼን የምለምነው ይህን ነው። አንድ የማስተማሪያ ራስ ቅል ውሰዱ። አፍንጫና ግንባር የሚጋጠሙበትን ነጥብ ዛሬ ለኩ፣ ነገ ለኩ፣ ጓደኛችሁም ይለካው። ሦስቱ ቁጥሮች እንደማይስማሙ ታያላችሁ። አለመስማማቱን አትደብቁት፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጻፉት። ጥሬ ቁጥሩንም ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደለካው ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር በተቋማችሁ አስቀምጡ። ነገ ከአፋር ወይም ከሌላ የአገራችን ክፍል አንድ አዲስ ራስ ቅል ሲወጣ፣ ስባሪው እንዴት ይቁም በሚለው ክርክር ውስጥ ድምፅ የሚኖራችሁ ይህን የለመደ እጅ ካላችሁ ነው።